የአባቴን ኑዛዜ እንዴት አዘጋጀን

አባቴ ኑዛዜውን ያደረገው ጤነኛ ሆኖ፣ በራሱ አንደበት እየተናገረ ነው። ይህ እንዲሆን በጣም ፈልጌ ነበር። ሰው አልጋ ከያዘ በኋላ የተጻፈ ወረቀት «እውነት በፈቃዱ ነው?» ከሚል ጭቅጭቅ አያመልጥም።

ወሬውን ያነሳሁት በእናቴ በኩል ነው። «አባዬ፣ አንተ ብትቀድም እማዬ ከዚህ ቤት እንዳትነሳ ምን እናድርግ?» አልኩት።

«እናንተ ልጆቿ አላችሁ አይደል እንዴ!»

እርግጥ ነው፣ እኛ አለን። ግን በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ኑዛዜ ከሌለ ባልና ሚስት አይወራረሱም። እናቴ ከጋራ ሀብቱ ግማሹ የራሷ ነው፤ የእሱ ግማሽ ለእኛ ለልጆች ያልፋል። ከመካከላችን አንዱ «ድርሻዬን» ካለ ቤቱ እስከ መሸጥ ሊደርስ ይችላል። ይህን ሲሰማ «በሉ እንጀምር» ያለው እሱ ራሱ ነው።

ከዚያ በፊት ግን እህት ወንድሞቼ ሁሉ እንዲሰሙ አደረግኩ። ውጭ አገር ያለችው እህቴም በስልክ ገባች። ከአባቱ ጋር ብቻውን ተቀምጦ ወረቀት የሚያዘጋጅ ልጅ፣ ልቡ ንጹሕ ቢሆንም ይጠረጠራል።

እናቴ «በአንድ ወረቀት ሁለታችንም እንገላገል» ብላ ነበር። አይሆንም። ሁለት ሰዎች በአንድ ሰነድ የሚያደርጉት ኑዛዜ ፈራሽ ነው። ስለዚህ ለየብቻ ተናዘዙ። የመረጥነው በግልጽ የሚደረገውን ኑዛዜ ነው። አባቴ ተናገረ፣ ተጻፈ፣ በእሱና በአራት ምስክሮች ፊት ተነበበ፣ ሁሉም እዚያው ፈረሙ። መነበቡና ቀኑ በራሱ በኑዛዜው ላይ መስፈር አለበት፤ ይቺ መስመር ከተዘለለች ኑዛዜው ዋጋ የለውም። ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም ውል አዋዋይ ከሆነ ሁለት ይበቃሉ። እኛ ከውርሱ ሰባራ ሳንቲም የማይደርሳቸውን ሰዎች ነው የለመንነው።

የአባቴ ቃል አጭር ነበር። የቤቱ ግማሽ ድርሻው ለልጆቹ እኩል ይሁን፤ እናታችን በሕይወት እስካለች ግን አላባው፣ ማለትም በቤቱ የመጠቀም መብቱ፣ የእሷ ነው። የባለቤትነት ስሙ ወደ እኛ ቢዞርም እሷ ትኖርበታለች፤ ማንም አያስወጣትም። ቤት ላላቸው ወላጆች ሁሉ ይህን መንገድ እንዲያስቡበት እመክራለሁ።

በራስ እጅ ጽፎ መሳቢያ ውስጥ ማስቀመጥም ይቻላል። እንዲህ ያለው ኑዛዜ ሙሉ በሙሉ በተናዛዡ እጅ መጻፍ፣ በየገጹም ቀንና ፊርማ ሊኖረው ይገባል። በ7 ዓመት ውስጥ ውል አዋዋይ ዘንድ ወይም ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ካልተቀመጠ ግን ይሻራል።

«ውክልና አለኝ፣ ይበቃል» የሚሉ ልጆችም ብዙ ናቸው። ውክልና ወላጅ በሕይወት ሳለ ጉዳዩን ለማስፈጸም ነው። በውሉ ሌላ ነገር ካልተባለ በቀር ወካዩ ሲሞት አብሮ ያበቃል፤ ችሎታ ሲያጣም እንዲሁ። እኔም የአባቴ ውክልና አለኝ። ባንክ የምሄደው በእሱ ነው፤ የቤቱን ጉዳይ የያዘው ግን ኑዛዜው ነው።