ብሩ ያልተቆጠረለት ንዕማን፦ የልደት በዓል መልእክት

ወዳጆቼ፣ እንኳን ለጌታችንና ለመድኃኒታችን ለኢየሱስ ክርስቶስ የልደት በዓል በሰላም አደረሳችሁ! ቀኑን በየትኛውም አቆጣጠር ብታከብሩት፣ በቤተሰብ መካከል ሆናችሁም ሆነ በሥራ ላይ፣ በሆስፒታል አልጋም ሆነ ብቻችሁን በሰው አገር ይህን የምታነቡ ሁሉ ሰላሙ ይብዛላችሁ። በዓል በደረሰ ቁጥር ስልካችን መነሻው በማይታወቅ፣ ከአንዱ ወደ አንዱ በሚቀባበሉት የመልካም ምኞት መልእክት ይጥለቀለቃል። ክፋት የለውም፤ እኔም እልካለሁ። ዘንድሮ ግን በልቤ ሲመላለስ የከረመውን አንድ ነገር ላካፍላችሁ። ረዘም ስለሚል ጊዜ ሲኖራችሁ አንብቡት።

ጉዳዬ መዳናችን ነው። እግዚአብሔር ለሰው ከሰጠው ሁሉ የሚበልጠው ስጦታ ይህ እንደሆነ አብዛኞቻችን ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰማው ኖረናል። ችግራችን አለማወቅ አይመስለኝም። በአፋችን «ስጦታ ነው» እያልን በልባችን ሒሳብ መያዛችን ነው ችግሩ። ጾሜአለሁ፣ ጸልዬአለሁ፣ አሥራት አውጥቻለሁ፣ ለተቸገረ ደርሻለሁ፤ እንግዲህ እግዚአብሔር ዝም አይለኝም እንላለን። ወይም ደግሞ በተቃራኒው፣ ዘንድሮ ወድቄአለሁ፣ ጸሎት ትቻለሁ፣ በምን ፊቴ እቀርባለሁ እንላለን። አንደኛው ኩራት፣ ሁለተኛው ትሕትና ይመስላል እንጂ ሁለቱም ያው ሒሳብ ናቸው። አንዱ የከፈለ ይመስለዋል፣ ሌላው መክፈያ አጥቶ ይሸሻል። ስጦታ መቀበል ግን ሁለቱም አልሆነላቸውም።

ይህን ባሰብኩ ቁጥር ትዝ የሚለኝ ንዕማን ነው። ታሪኩ በ2ኛ ነገሥት ምዕራፍ 5 ላይ አለ። የሶርያ ንጉሥ የጦር አለቃ ነበር፤ በጌታው ፊት የተከበረ፣ ድል የለመደ ጀግና። ግን ለምጻም ነበር። ከእስራኤል ተማርካ ሚስቱን የምታገለግል አንዲት ትንሽ ልጅ ናት በሰማርያ ነቢይ እንዳለ፣ እሱም ሊፈውሰው እንደሚችል ለእመቤቷ የነገረቻት። (የልጅቱ ስም እንኳ አልተጻፈም። ከቤቷ ነጥቀው ላመጧት ሰዎች ፈውስ ተመኘች። ስለ እሷ ብቻ ሌላ ቀን መጻፍ አለብኝ።)

ንዕማን ለመንገድ ሲነሣ እንደ በሽተኛ ሳይሆን እንደ ሹም ነው የተነሣው። 10 መክሊት ብር፣ 6000 ሰቅል ወርቅና 10 መለወጫ ልብስ አስጫነ። አንድ መክሊት በዛሬ ሚዛን ከ30 ኪሎ በላይ ነውና ብሩ ብቻ ከ300 ኪሎ ይበልጣል፤ ወርቁም ከ60 ኪሎ አያንስም። በዚህ ላይ ከንጉሡ የተጻፈ ደብዳቤ ይዟል። የእስራኤል ንጉሥ ደብዳቤውን ሲያነብ ልብሱን ቀደደ፤ ጠብ ሊፈልግብኝ ነው ብሎ። ነቢዩ ኤልሳዕ ግን ሰውዬው ወደ እኔ ይምጣ ብሎ ላከ። ንዕማንም ከነፈረሱ፣ ከነሠረገላው፣ ከነጭፍራው መጥቶ ደጁ ላይ ቆመ። ኤልሳዕ ወጥቶ እንኳ አላየውም። መልእክተኛ ልኮ «ሂድ፣ በዮርዳኖስ ሰባት ጊዜ ታጠብ» አስባለው። በቃ ይኸው ነው።

ሰውዬው ተቆጣ። ነቢዩ ወጥቶ በክብር ተቀብሎት፣ የአምላኩን ስም ጠርቶ፣ እጁን በለምጹ ላይ ያንቀሳቅሳል ብሎ ነበር የጠበቀው። የደማስቆዎቹ አባናና ፋርፋ ከእስራኤል ውኃ ሁሉ አይሻሉም ወይ ብሎ ፊቱን አዙሮ ሄደ። ያተረፉት አገልጋዮቹ ናቸው። ቀረብ ብለው «አባታችን፣ ነቢዩ ከባድ ነገር ቢያዝህ ኖሮ ታደርገው አልነበረም ወይ?» አሉት። እኔ በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ አብልጬ የምወደው ይህን ጥያቄ ነው። ተራራ ውጣ ቢባል ይወጣ ነበር። ጦር አዝምት ቢባል ያዘምት ነበር። ግማሽ ሀብትህን ቁጠር ቢባል ይቆጥር ነበር። ያስቆጣው የነገሩ መክበድ ሳይሆን መቅለሉ ነው። ለሹመቱም ለብሩም ቦታ አልተሰጠውም። ከዮርዳኖስ ዳር ሲደርስ እንደ ማንም ለምጻም ልብሱን አውልቆ መግባት ብቻ ነበር የቀረው።

ገባ። ሰባት ጊዜ ተጠመቀ፤ ሥጋውም እንደ ትንሽ ልጅ ሥጋ ሆነ። ተመልሶ መጥቶ ኤልሳዕን እባክህ ስጦታ ተቀበለኝ አለው። ኤልሳዕ በሕያው እግዚአብሔር ስም ምሎ አልቀበልም አለ። ግድ ቢለውም እንቢ አለ። አስተውሉ፣ ኤልሳዕና አብረውት የነበሩት የነቢያት ልጆች (የነቢያት ማኅበር አባላት) ሀብታሞች አልነበሩም። አንድ ምዕራፍ ወደ ኋላ ብትመለሱ ከእነሱ የአንዱ መበለት በባሏ ዕዳ ልጆቿ ለባርነት ሊወሰዱባት ሲል ታያላችሁ፤ በራብ ዘመንም የማያውቁትን የሜዳ ቅል ከትፈው በምንቸት ሲቀቅሉ ታያላችሁ። ያ ብር ስንት ጎዶሎ ይሞላ ነበር! ኤልሳዕ ግን አንድ ሰቅል ቢቀበል ንዕማን አገሩ ገብቶ ምን እንደሚል ያወቀ ይመስለኛል። «ከፍዬ ታከምኩ» ይል ነበር። በዚያች ቅጽበት የእግዚአብሔር ምሕረት ደንበኛ ያለው ዕቃ ሆና ትቀር ነበር።

ንዕማን ይህ የገባው ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ከዚያ በኋላ የጠየቀው ሌላ ነገር ነው። የሁለት በቅሎ ጭነት አፈር እንዲሰጠው ለመነ፤ ከእንግዲህ ከእግዚአብሔር በቀር ለሌላ አምላክ መሥዋዕት አላቀርብም አለ። ብር ሊያራግፍ የመጣ ሰው አፈር ለምኖ ሄደ። ክፍያና ምስጋና የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው። ክፍያ ጉዳዩን ይዘጋዋል፤ ተፈጸመ፣ አንፈላለግም ያሰኛል። ምስጋና ግን ሰውየውን ዕድሜ ልኩን ከሰጪው ጋር ያስተሳስረዋል። እኛ ሰዎች «ብድር መላሽ ያድርገኝ» መባባላችን ደግ ነገር ነው፤ በመካከላችን ውለታ መመላለስ አለበት። ከእግዚአብሔር ጋር ግን ብድር መላሽ ለመሆን መሞከር ስጦታውን ዕዳ ማድረግ ነው።

ታሪኩ በዚህ አያበቃም። የኤልሳዕ ሎሌ ግያዝ ያ ሁሉ ብር እንዲሁ ሲመለስ አንጀቱ አልችል አለው። ሮጦ ደረሰበትና ሁለት እንግዶች መጥተውብናል ብሎ በጌታው ስም ዋሽቶ አንድ መክሊት ብርና ሁለት ልብስ ጠየቀ፤ ንዕማን ሁለት መክሊት አሸክሞ ሰደደው። ግያዝ ብሩን ደብቆ ሲመለስ የንዕማን ለምጽ ተጣበቀበት። ቅጣቱ ከባድ ይመስላል። ግን በነፃ በተሰጠው ላይ ዋጋ ለጠፈ፤ ገና ትናንት እግዚአብሔርን ያወቀውን ሰውዬ፣ ለካ ለዚህም ይከፈላል እንዲል አደረገው።

ይህ ሁሉ ከልደት ጋር ምን አገናኘው ትሉኝ ይሆናል። ሉቃስ የቤተ ልሔሙን ታሪክ የሚጀምረው በቄሣር ነው፤ ዓለሙ ሁሉ እንዲጻፍ ከአውግስጦስ ቄሣር ትእዛዝ ወጣ ብሎ። ያ ቄሣር ተራ ገዥ አልነበረም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ9 ዓመት ገደማ የተቀረጸ፣ በታናሽ እስያ (በዛሬዋ ቱርክ) በፕሪኤኔ ከተማ የተገኘ የድንጋይ ጽሑፍ አውግስጦስን አዳኝ ብሎ ይጠራዋል፤ የተወለደበትንም ቀን ለዓለም የምሥራች መጀመሪያ ይለዋል። አዳኝ፣ ልደት፣ የምሥራች። ቃላቱ የሉቃስ ናቸው ብላችሁ ካሰባችሁ፣ ቄሣር ቀድሞባቸዋል። ልዩነቱ የቄሣር ማዳን መዝገብ የሚያዘጋጅ መሆኑ ነው። ሕዝብ የሚጻፈው ለምን እንደሆነ ማንም ያውቃል፤ ግብር ለመጣል ነው። ዮሴፍና ማርያም ለዚያ መዝገብ ሲሉ ቤተ ልሔም ሄደው ሳሉ ነው መልአኩ ለእረኞች «ዛሬ በዳዊት ከተማ መድኃኒት እርሱም ክርስቶስ ጌታ የሆነ ተወልዶላችኋልና» ያላቸው። «ተወልዶላችኋል» ነው ያለው፤ ምንም አምጡ አላለም። ምልክቱም ሕፃን ተጠቅልሎ በግርግም ተኝቶ ማየት ብቻ ነበር። እረኞቹ ይዘው የሄዱት ነገር ካለ ሉቃስ አልጻፈውም፤ ሄዱ፣ አዩ፣ እግዚአብሔርን እያመሰገኑ ተመለሱ ነው የሚለው።

ሰብአ ሰገልስ ወርቅ፣ ዕጣንና ከርቤ አምጥተው የለም ወይ? አምጥተዋል። ማቴዎስ ግን ቅደም ተከተሉን ቁልጭ አድርጎ ጽፎታል፤ ወድቀው ሰገዱለት፣ ከዚያ ሣጥኖቻቸውን ከፈቱ። የመግቢያ ዋጋ ሳይሆን የአምልኮ መብዛት ነበር።

በነፃ ተሰጠን ማለት ግን ርካሽ ነው ማለት አይደለም። ሐዋርያው ጴጥሮስ በመጀመሪያ መልእክቱ፣ የተዋጃችሁት በሚጠፋ ነገር፣ በብርና በወርቅ አይደለም፣ በክርስቶስ ክቡር ደም ነው እንጂ ይላል። የንዕማን 300 ኪሎ ብርም ሆነ ወርቁ ለዚህ አይበቃም ነበር። በግርግም የተኛው ሕፃን ወደ ጎልጎታ የሚሄድ ነው። ስምዖን አረጋዊ በመቅደስ ታቅፎት ዓይኖቼ ማዳንህን አይተዋል ብሎ እግዚአብሔርን ካመሰገነ በኋላ፣ ለእናቱ በነፍስሽ ሰይፍ ያልፋል ማለቱ ለዚህ ነው። ወላጆቹ በዚያ ቀን ያቀረቡት መሥዋዕት የድኆች ነበር፤ የዘሌዋውያን ሕግ ጠቦት ለማቅረብ ላልቻለች እናት የፈቀደው፣ ሁለት ዋኖስ ወይም ሁለት የርግብ ጫጩቶች። ዋጋውን የሚከፍለው ራሱ ጠቦት መግዣ ካልነበራት ቤት ነው የመጣው።

የግያዝ ነገር ደግሞ በብሉይ ኪዳን ብቻ አልቀረም። በሐዋርያት ሥራ 8 ላይ ሲሞን የተባለ ጠንቋይ ለሐዋርያት ገንዘብ ሲያቀርብ ጴጥሮስ «የእግዚአብሔርን ስጦታ በገንዘብ እንድታገኝ አስበሃልና ገንዘብህ ከአንተ ጋር ይጥፋ» አለው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1517 ጀርመናዊው መነኩሴ ማርቲን ሉተር ድምፁን ያሰማው የኃጢአት ቅጣት ማቅለያ ደብዳቤ በገንዘብ መሸጡን ተቃውሞ ነበር፤ የሮም ቤተ ክርስቲያንም ራሷ በ1567 ከገንዘብ ጋር የተያያዘውን አሠራር ሻረችው። በዘመናችንም «ይህን ያህል ላክ፣ በረከትህ ይከፈታል» የሚል ድምፅ በየስልካችን እንሰማለን። ስም አልጠራም፤ ስትሰሙት ግን ግያዝን አስታውሱት።

ታዲያ በጎ ሥራ ዋጋ የለውም? ይህ ጥያቄ በመጣ ቁጥር ክርክሩ ይጦፋል፤ አብያተ ክርስቲያናትም ስለ ዝርዝሩ የሚሉት አንድ አይደለም። የበዓል ቀን ወደዚያ አልገባም። ዘኬዎስን ብቻ ላንሣ። ቀራጭ ነበር፣ በሰው ገንዘብ የበለጸገ። ጌታ ከሾላው ዛፍ ሥር ቆሞ ዛሬ በቤትህ እውላለሁ ያለው ገና አንድ ሳንቲም ሳይመልስ ነው። ሰው ሁሉ ያንጐራጐረውም ለዚህ ነበር። ከዚያ በኋላ ዘኬዎስ ተነሥቶ የሀብቴን ግማሽ ለድሆች እሰጣለሁ፣ የበደልኩትንም አራት እጥፍ እመልሳለሁ አለ። ያን ሁሉ የፈታው የጌታ ወደ ቤቱ መግባት ነው። ጳውሎስም ለኤፌሶን ሰዎች ጸጋው በእምነት አድኖአችኋል፣ ማንም እንዳይመካ ከሥራ አይደለም ባለ በማግሥቱ ዓረፍተ ነገር፣ መልካሙን ሥራ ለማድረግ በክርስቶስ ተፈጠርን ይላል። ዘኬዎስ ሲሰጥ እጁ የሚፈታው ቀድሞ ስለተቀበለ ነው።

አሁን የምናገረው ዘንድሮ በበዓሉ ደስ ላላላችሁ ነው። እንደምታነቡኝ አውቃለሁ፤ አንዳንዶቻችሁ በውስጥ መስመር ጽፋችሁልኝ ነበር። ዓመቱን ሙሉ እርቄ ከርሜ በበዓል ብቻ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ያሳፍረኛል የምትሉ፣ ራሴን ላስተካክልና ያኔ እመለሳለሁ የምትሉ። በቀኙ የተሰቀለው ወንበዴ ራሱን የሚያስተካክልበት ጊዜ አልነበረውም። እጆቹ ተቸንክረዋል፤ ምጽዋት አይሰጥም፣ የበደለውን አይክስም፣ ጉባኤ አይሄድም። «አስበኝ» ብቻ አለ። የተመለሰለትም «ዛሬ ከእኔ ጋር በገነት ትሆናለህ» የሚል ነበር። ልብ በሉ፣ በሉቃስ ወንጌል ለእረኞቹም፣ ለዘኬዎስ ቤትም፣ ለዚህ ሰውም የተነገረው «ዛሬ» ነው። ለከርሞ የተቀጠረ የለም።

በበዓሉ ሰሞን ከቤተሰብ ጋር ስትሰባሰቡ 2ኛ ነገሥት 5ን ከሉቃስ 2 ጋር አብራችሁ አንብቡት፤ ልጆች ካሉ የንዕማንን ታሪክ እነሱ ያንብቡላችሁ፣ ይወዱታል። ከሰው ጋር ከተቀያየማችሁ ደውሉለት። ይህ መንገድ አዲስ የሆነባችሁ፣ ወይም የቆየ ጥያቄ ያላችሁ ጻፉልኝ፤ የማውቀውን እነግራችኋለሁ፣ የማላውቀውን አብረን ከሚያውቁት እንጠይቃለን። መልካም የልደት በዓል ይሁንላችሁ!