ጠመዝማዛው ሞገድ ጣናን ይሻገራል?

በአንድ ፍሪኩዌንሲ፣ በአንድ ጊዜ፣ ብዙ የዳታ መስመር መላክ። የራዲዮ ሞገድን እንደ ብሎን ጥርስ እያጠማዘዘ በየጥምዝምዙ የተለያየ ዳታ የሚጭነው የኦርቢታል አንጉላር ሞመንተም (ባጭሩ ኦኤኤም) ማልቲፕሌክሲንግ የሚሰጠው ተስፋ ይህ ነው። ባሕር ዳር ላይ ሐይቁን ያለ ከልካይ የሚያይ ሰገነት ስለማይጠፋ ሐሳቡ ቶሎ ያማልላል። ርቀቱን አስገብተን ስናሰላ ግን ነገሩ ሌላ ነው።

አሠራሩ አያስቸግርም። 8 አንቴናዎች በክብ ቀለበት ላይ በእኩል ርቀት ይደረደራሉ። እያንዳንዱ ጥምዝምዝ ሞድ ይባላል፤ ሞድ 0 አይጠመዘዝም። ለሞድ 1 በአንዱና በሚቀጥለው አንቴና መካከል የ45 ዲግሪ የፌዝ (የሞገዱ ዑደት የደረሰበት ቦታ) ልዩነት ይሰጣል፤ ለሞድ 2፣ 90፤ ለሞድ 3፣ 135። ኔጌቲቭ ሞዶቹ በተቃራኒው አቅጣጫ ይጠመዘዛሉ። ተቀባዩ ዘንድ ያለው ተመሳሳይ ቀለበት በ8 ነጥብ ኤፍኤፍቲ (ዲኤፍቲ የሚባለውን የፉሪየር ስሌት በፍጥነት የሚሠራ ዘዴ) መልሶ ይለያቸዋል።

ይህ ከማይሞ (በብዙ አንቴና ልኮ በብዙ አንቴና ከመቀበል) ውጭ የተገኘ አዲስ አቅም ነው የሚለውን ወሬ ግን ባትሰሙት ይሻላል። ሁለት ቀለበቶች በአንድ ዘንግ ላይ ፊት ለፊት ሲቆሙ የቻናሉ ማትሪክስ (ከየላኪው ወደየተቀባዩ አንቴና የሚደርሰውን የሚያሳይ ሠንጠረዥ) ሰርኩላንት ይሆናል፣ ማለትም እያንዳንዱ ረድፍ ያለፈው ረድፍ በአንድ እርምጃ የዞረ ነው፤ ሰርኩላንት ማትሪክስን ደግሞ ዲኤፍቲ ዳያጎናል ያደርገዋል፣ ማለትም ሞዶቹ ሳይደባለቁ ይለያያሉ። ኤድፎርስና ዮሃንሰን በ2012 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጽሑፍ ኦኤኤም የማይሞ አንዱ ዓይነት መሆኑን አሳይቷል። ትርፉ የስሌት መቅለል ነው፤ ያውም ቀለበቶቹ በትክክል እስከተያዩ ድረስ።

የየሞዱን ጉልበት የሚወስነው አንድ ቁጥር ነው፦ ሁለት ፓይ በሁለቱ ቀለበቶች ራዲየስ ተባዝቶ፣ ለሞገዱ ርዝመትና ለርቀቱ ይካፈላል። ውጤቱ የየሞዱን ጉልበት በሚሰጠው፣ ቤሰል ፈንክሽን በሚባል የሒሳብ ቀመር ውስጥ ይገባል። ፍሪኩዌንሲው 28 ጊጋኸርዝ፣ የሞገዱ ርዝመት 10.7 ሚሊ ሜትር፣ ራዲየሱ 50 ሳንቲ ሜትር ይሁን። በ100 ሜትር ርቀት ቁጥሩ 1.47 ነው፤ ሞድ 0 እና ሁለቱ ሞድ 1ዎች ጉልበታቸው እኩል ሊባል ይችላል፣ ሞድ 2 ከሞድ 0 በ7.5 ዴሲቤል (በየ10 ዴሲቤሉ ጉልበቱ አሥር እጥፍ ይቀንሳል)፣ ሞድ 3 በ19 ዴሲቤል ያንሳል። ከሕንጻ ወደ ሕንጻ አምስት መስመር (ሞድ 0፣ ሁለቱ ሞድ 1ዎችና ሁለቱ ሞድ 2ዎች) ይሠራል ማለት ነው። 2 ኪሎ ሜትር ውኃ ለመሻገር ሲሞከር ቁጥሩ ወደ 0.073 ይወርዳል፤ ሞድ 1 በ29፣ ሞድ 2 በ63 ዴሲቤል ይወድቃል። የ100 ሜትሩን ውጤት እዚያ ለማግኘት የቀለበቱ ዲያሜትር 4.5 ሜትር መሆን አለበት። ዘጌማ ከዚህም ይርቃል።

ውኃው ራሱ ሌላ ጣጣ አለው። ሁለቱም አንቴናዎች ከውኃው 15 ሜትር ከፍ ቢሉ፣ ከሐይቁ የተንጸባረቀው ሞገድ ተቀባዩ ዘንድ ከቀጥተኛው በ0.86 ዲግሪ ዝቅ ብሎ ይደርሳል። ነጸብራቅ ደግሞ ጥምዝምዙን ይገለብጠዋል፤ ፖዘቲቭ 1 የነበረው ኔጌቲቭ 1 ይሆናል። በዚህ ማዕዘን ከ9 ሳንቲ ሜትር ያነሰ ማዕበል ለ28 ጊጋኸርዝ መስታወት ነው። ስለዚህ ጠዋት ታንኳ የሚቀዝፍ ሰው የሚወደው ጸጥ ያለ ውኃ ለዚህ ሥራ ክፉ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳ ነጸብራቁ ይበተናል። በዚያ ላይ ክረምቱ ሐይቁን በ1 ሜትር ቢሞላው የሁለቱ መንገዶች ልዩነት በ2.7 የሞገድ ርዝመት ይቀየራል፤ በሰኔ የተስተካከለው ሊንክ በመስከረም እንደነበረ አይገኝም። የሐምሌን ዶፍ አልቆጠርኩትም፤ በሰዓት 50 ሚሊ ሜትር የሚጥል ዝናብ በኪሎ ሜትር 9 ዴሲቤል ገደማ ይበላል።

2 ኪሎ ሜትር መሻገር የግድ ከሆነ ቀለበቱን ትቶ በየማማው ላይ ሁለት ዲሽ በ3.3 ሜትር ልዩነት አንዱን ከሌላው በላይ መስቀል ነው። ይህ ተራ የቀጥታ እይታ ማይሞ ሁለት እኩል መስመር ይሰጣል፤ ሁለቱም ፖላራይዜሽኖች (ሞገዱ የሚወዛወዝባቸው አግድምና ቁም አቅጣጫዎች) ሲጨመሩ አራት ይሆናሉ።

ኦኤኤም በ100 ሜትር ለሚሞክር ሰው ዋናው ጠላት ኬብል ነው። በተለመደው ኮአክሲያል ኬብል ውስጥ 1 ሚሊ ሜትር የርዝመት ልዩነት 48 ዲግሪ ያህል ፌዝ ያመጣል፤ ከሞድ 1 የ45 ዲግሪ እርምጃ ይበልጣል። እኩል የተቆረጠ ኬብል ብቻውን አይበቃም፤ ስምንቱም መንገዶች ከነማገናኛቸው ፌዝ በሚለካው መሣሪያ፣ በኔትወርክ አናላይዘር፣ ተለክተው ልዩነታቸው በሶፍትዌር ይታረም። ፀሐይ የሚመታው ኬብል ቀትር ላይ ስለሚለወጥ ልኬቱ ይደገም።

ቀጥሎ ማነጣጠር ይመጣል። ቀለበቱ 0.1 ዲግሪ ቢያጋድል ጫፎቹ ላይ የ29 ዲግሪ የፌዝ ስህተት ይፈጠራል፣ ወደ ጎረቤት ሞድ የሚፈሰውም ከዋናው ሞድ በ12 ዴሲቤል ገደማ ብቻ ያንሳል። ሞድ 0ን ብቻ ልኮ የተቀባዩን የሞድ 1 ውጤቶች መመልከት፣ ከዚያ ሁለቱን ቀለበቶች ተራ በተራ፣ ጎን ለጎንም ወደ ላይና ወደ ታችም፣ ፍሰቱ ከሞድ 0 ከ20 ዴሲቤል በላይ እስኪያንስ ማስተካከል ነው። ለዚያ ስህተቱ ከ0.04 ዲግሪ ማነስ ስላለበት በእጅ የሚጠበቅ ብሎን አይሆንም፤ ጥርሱ ደቃቅ የሆነ ማስተካከያ ያስፈልጋል። ቀለበቱ በራሱ ዘንግ ዙሪያ መዞሩ ግን አያሳስብም፤ በየሞዱ ላይ ቋሚ ፌዝ ከመጨመር በቀር የሚያደባልቀው ነገር የለም።