የአየር ሞገድ ፈቃድ እና ስድስቱ ድምፆች
ዛሬ ቀኑን ሙሉ ያነበብሁት የቀደምት ሽቦ አልባ ቴሌግራፍ ጣቢያዎች ፈቃድ እንዴት ይሰጥ እንደነበር የሚያሳዩ የቆዩ ሕጎችን ነው። እንግሊዝ በ1904 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ መሠረት ማንም ሰው ከፖስታ ሚኒስትሩ ፈቃድ ሳያገኝ ጣቢያ ማቋቋም አይችልም ነበር፤ ጥፋተኛውም እስከ 12 ወር ሊታሰር ይችል ነበር። ዓላማው ሙከራ ብቻ መሆኑን ያስረዳ አመልካች ግን ፈቃዱን ያለ ክፍያ ያገኝ ነበር፤ ለተመራማሪዎች የተተወው ይህ በር ደስ አሰኝቶኛል።

ልቤን ያከበደው በ1906 እ.ኤ.አ. በርሊን ላይ የተፈረመው ዓለም አቀፍ የሽቦ አልባ ቴሌግራፍ ስምምነት ነው። የባሕር ዳርቻ ጣቢያዎችና መርከቦች የመሣሪያቸው ዓይነት ቢለያይም መልእክት እንዲቀባበሉ ያስገደደው ይኸው መልካም ሰነድ፣ ቅኝ ግዛቶች በጉባኤ ላይ ድምፅ ሊኖራቸው እንደሚችል ከደነገገ በኋላ፣ አንድ መንግሥት ከነቅኝ ግዛቶቹ ከ6 ድምፅ በላይ እንዳይኖረው ይገድብ ነበር። ድምፁ በቅኝ ግዛቱ ስም ይቆጠር ነበር፤ እጁን የሚያነሳው ግን የገዢው መንግሥት መልእክተኛ ነበር። ይህን አንቀጽ ደጋግሜ አነበብሁት።

ያኔ የጀርመን ቅኝ ግዛት በነበረችው ቶጎ ውስጥ፣ ካሚና በተባለ ስፍራ፣ የጀርመኑ ቴሌፉንከን ኩባንያ በርሊን አጠገብ ካለው የናወን ጣቢያ ጋር በ5,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት የሚነጋገር ግዙፍ ጣቢያ ሠርቶ ነበር። በ1914 የዓለም ጦርነት በተጀመረ አንድ ወር ሳይሞላው፣ ጠላት እጅ እንዳይገባ ጀርመኖቹ ራሳቸው አወደሙት። ጣቢያው ሲፈቀድም ሆነ ሲፈርስ፣ መሬቱ የእነርሱ የነበረውን የቶጎ ሰዎች የጠየቃቸው አልነበረም።