ማንገቻው

ሰኔ መጨረሻ ፎቶ ቤት ውስጥ የሠራ ያውቀዋል። የበጀት መዝጊያ ነው፣ የምረቃ ሰሞን ነው፣ ጡረታ ወጪ የሚሸኝበት ነው። ጅማ ላይ ደግሞ ዝናቡ አለ። ጉርድ ፎቶ ፈላጊው ጃንጥላውን በር ላይ አራግፎ ይገባል፣ ወለሉ ጭቃ ይሆናል፣ ወረቀቱ እርጥበት ጠጥቶ ማተሚያው ውስጥ ተጣጥፎ ይቀራል። በ2011 ዓ.ም. እንዲህ ባለ አንድ ከሰዓት ነው ሦስቱ ሰዎች መርካቶ አጠገብ ወዳለችው ፎቶ ቤታችን የገቡት።

የአንድ መሥሪያ ቤት ኮሚቴ ናቸው። ሰብሳቢው፣ ገንዘብ ያዧ፣ እና «ካሜራ ያውቃል» ተብሎ የተጨመረ የአይቲ ልጅ። ሾፌራቸው 60 ዓመት ሞልቷቸው ሊወጡ ነው። 32 ሰው 300 300 ብር አዋጥቶ 9,600 ሆኗል። ከዚያ ላይ 1,600ው ለኬክና ለለስላሳ ተነሥቶ ለስጦታው የቀረው 8,000 ነው። ከዚህ በላይ አንዲት ብር እንደሌለ ገንዘብ ያዧ የተናገሩት ገና ሳይቀመጡ ነው።

ለምን ካሜራ እንደሆነ ሰብሳቢው አስረዱ። ሾፌሩ እንግዳ ይዘው ጅሬን፣ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት በወጡ ቁጥር፣ ወደ ቦንጋና ወደ ሚዛንም በወረዱ ቁጥር፣ እንግዶቹ ካሜራቸውን ለእሳቸው ሰጥተው ነው የሚነሡት። «የኛ ሾፌር ራስ አይቆርጡም» ይባልላቸዋል። የራሳቸው ካሜራ ግን ኖሯቸው አያውቅም። የስንቱን አገር ሰው ሲያነሡ ኖረው አንድ እንኳ በእጃቸው የቀረ ፎቶ የለም።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ መጠየቅ ነበረብኝ። እጄ ግን ቀድሞኝ መሳቢያ ከፈተ።

መደርደሪያው ላይ አዲስ ዕቃ ያለን አንድ ብቻ ነበር፤ ኪስ የምትገባ፣ ባለ 20 ሜጋፒክስል፣ ዙሟ 5 እጥፍ የሆነ ትንሽ ሶኒ። ዋጋዋ 5,500 ብር። አለቃዬ ሁለት ዓመት ሙሉ በየጠዋቱ አቧራዋን ይጠርግላታል፤ ሰው በስልኩ ማንሣት ከጀመረ ወዲህ የሚጠይቃት ጠፍቷል። እኔ ከመሳቢያ ያወጣሁት ግን ካኖን 1100ዲ ነው። ያገለገለ፣ ከ18-55 ሌንሱ ጋር።

«7,500» አልኩ።

የአይቲው ልጅ ተቀብሎ አገላበጠው። «ስንት ሜጋፒክስል ነው?»

«12።»

«አሥራ ሁለት? የኔ ስልክ እንኳ 13 ነው!»

ይቺን ቃል ባንኮኒ ኋላ የቆመ ሁሉ ይሰማታል። መልሷን እንደ ዳዊት ደጋሚ በቃሌ ይዣታለሁ። 10 በ15 ፎቶ አሳምሮ ለማተም 1,200 በ1,800 ነጥብ ይበቃል፣ 2 ሜጋፒክስል ቢሆን ነው አልኩት። ከዚያ በላይ ያለው የሚያስፈልግህ አጉልተህ ግድግዳ ላይ ስትሰቅል ነው። ቁም ነገሩ ብርሃን የሚቀበለው ሴንሰር ስፋት ላይ ነው። ዝናብ ሲመጣ ደጅ ላይ ሳፋና ሲኒ ብታስቀምጥ ብዙ ውሃ የሚይዝልህ የትኛው ነው? ስልክህ ሲኒ ነው፣ ያቺ መደርደሪያ ላይ ያለችውም ሲኒ ናት። ይሄ ሳፋ ነው፣ በስፋት ከእሷ ከ10 እጥፍ በላይ። ቤት ውስጥ፣ ምሽት ላይ፣ ልጅ ልደት ላይ ስታነሣ ልዩነቱን ታየዋለህ።

አንድም ውሸት የለበትም። ዛሬም ቢጠይቁኝ ይህንኑ እላለሁ። ብቻ ስለ ዙም አላነሣሁም፤ በዙም ትንሿ ትበልጠው ነበር። ስለ ክብደትም አላነሣሁም።

ልጁ ግን ዝም ብሎ አልመጣም ኖሯል። «ሻተሩ ስንት ጊዜ ተመቷል?» አለኝ፤ ስንት ፎቶ ተነሥቶበታል ማለቱ ነው። ኒኮን ቢሆን ካነሣው ፎቶ ፋይል ውስጥ ቁጥሩን አውጥቶ ማየት ይቻል ነበር። ይሄኛው ካኖን ግን በገመድ ከኮምፒውተር ተገናኝቶ፣ ለዚያ የተሠራ ፕሮግራም ተጭኖ ነው የሚናገረው። ይህን ሁሉ አስረዳሁትና መጨረሻ ላይ «ብዙም አልተነሣበትም» አልኩ።

አለቃዬ ጥግ ላይ ላሚኔት እያደረገ ነበር። አለቃዬ ሒሳብ ሲሠራ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ከሶኒዋ የሚተርፈው 500 ነው። በእሱ ቤት ውስጥ ከሚሸጥ የሰው ዕቃ ደግሞ አሥር በመቶ ይቆርጣል፣ የ7,500 አሥረኛ 750 ነው። ከንፈሩ ቆመ። ቀና ብሎ «ልጁ ያውቃል፣ እመኑት» አለ። ስድስት ዓመት አብሬው ስሠራ ስለኔ የተናገረው ብቸኛ ጥሩ ነገር እሱ ነው፤ ዋጋውም 250 ብር መሆኑን አውቃለሁ።

ሰብሳቢው በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ነገሩ አለቀ ብዬ ባትሪውንና ቻርጀሩን መሰብሰብ ጀመርኩ።

ገንዘብ ያዧ እስካሁን አግዳሚ ወንበሩ ላይ ቦርሳቸውን ታቅፈው ነው የተቀመጡት። «እስቲ አምጣው» አሉኝ። ሰጠኋቸው። ሌንሱን አላዩም፣ አልከፈቱትም፣ በዓይናቸውም አላነጣጠሩበትም። ማንገቻውን ነው በጣታቸው እየጎተቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ያዩት። ቀለበቱ ጋ ሲደርሱ ቆሙ።

«ይሄን ቀይ ክር ማን ሰፋው?»

«እ… ተበጥሶ ነው እትዬ። ጠንካራ ነው፣ አይለቅም።»

«ጠንካራነቱንማ አውቃለሁ።» መነጽራቸውን አወለቁ። «ጥር ላይ የእህቴ ሠርግ ላይ አልነበርክም አንተ? ሙሽራይቱ ከቤት ስትወጣ ማንገቻው ተበጥሶብህ፣ ካሜራህን እንደ ጨቅላ ታቅፈህ ስትሯሯጥ፣ መርፌና ክር ያመጣልህ ማነው?»

እሳቸው ናቸው። አስታወስኩ። ቀይ ክር ብቻ ነው ያለኝ ብለው ይቅርታ ሁሉ ጠይቀውኝ ነበር።

አሁን እናንተም አወቃችሁ። ካሜራው የኔ ነበር። ሦስት የሠርግ ወራት አንስቼበታለሁ፤ በአንድ ሠርግ 800፣ አንዳንዴ 1,000 ጊዜ እየተጫንኩ። ሸጬው ትንሽ ጨምሬ ከሱ የሚሻለውን ካኖን 600ዲ ልገዛ፣ ያቺ የምትገለበጠው ስክሪን እንቅልፍ ነስታኝ ነበር። «ብዙም አልተነሣበትም» ያልኳቸው ሴትዮ የገዛ እህታቸው አልበም በእሱ ነው የተሠራው።

ልጁ ሳቁን ለመደበቅ ወደ ግድግዳው ዞረ። አለቃዬ ላሚኔቱ ላይ አቀረቀረ፣ እንደማያውቀኝ ሰው።

«ስድስት ሺ» አሉ ሴትዮዋ።

«እትዬ፣ ሌንሱ ብቻውን እኮ…»

«ስድስት ሺ። ቦርሳውንም ትጨምራለህ።»

«ቦርሳው የ…»

«የእህቴ ፎቶ ጥሩ ወጥቷል፣ አልዋሽም» አሉ፤ ድምፃቸው ምንም አልተለወጠም። «ስለዚህ እቃው ጥሩ ነው። አንተን ግን ስድስት ሺ ነው የማምንህ።»

ብዙ ሰው ዋጋ ሲከራከረኝ ኖሯል። እቃውን ያጣጥላሉ፣ ሌላ ሱቅ አይተናል ይላሉ፣ እስከ በሩ ሄደው ይመለሳሉ። እቃዬን አመስግኖ እኔን የቀነሰኝ ግን ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልገጠመኝም። ለዚህ መልስ የለውም። ደረሰኝ የማይቆረጥበት ዕቃ ስለሆነም ወረቀት አውጥተው «ሸጫለሁ» ብዬ በእጄ እንድጽፍ አደረጉ፤ የአይቲው ልጅ ምስክር ሆኖ ፈረመ። አለቃዬ 600 ብሩን እዚያው፣ እነሱ በሩን ሳይወጡ ቆጥሮ ተቀበለኝ። በተረፋቸው 2,000 ጋቢና አንድ ባለሦስት እግር የጅማ በርጩማ እንደገዙ ሽኝቱ ላይ አየሁ።

ሽኝቱን ያነሣሁት እኔ ነኝ፣ በፎቶ ቤቱ ካሜራ። ንግግሩ እንደ ሁልጊዜው ነው፣ እዘለዋለሁ። ለሾፌሩ ካሜራውን አንገታቸው ላይ ሲያጠልቁላቸው እንደ ሜዳሊያ ደረታቸው ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ። «ፊልሙ በየት በኩል ነው የሚገባው?» አሉኝ። አዳራሹ ሳቀ። እኔም በትዕግሥት ላስረዳቸው ስጀምር ዓይናቸውን ጠቀሱኝ። ለካ ሲቀልዱ ነው።

ከዚያ ወዲህ ካሜራ ለስጦታ የሚፈልግ ሰው ሲመጣ ስለ ሜጋፒክስልም ስለ ሴንሰርም ከማውራቴ በፊት «ሰውዬው የት ነው የሚያስቀምጠው?» ብዬ እጠይቃለሁ። ኪስ ነው? ቦርሳ ነው? ሳጥን ነው? ምክሬን የሚያደንቁ አሉ። ከጠየቅኩ በኋላ ግን አሁንም መጀመሪያ የማሳየው መሳቢያ ውስጥ ያለኝን ነው።

ጥያቄውን ያስተማሩኝ ሾፌሩ ናቸው። ጥቅምት ላይ፣ ዝናቡ ሲያባራ መጡ። ካሜራው በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ጨርቁ በፌስታል ታስሮ፣ ፌስታሉ በሌላ ፌስታል ገብቶ። ሲፈታ አንድ ሻይ ያስጠጣል።

«ልጄ፣ ዓይኑን ሞራ ጋረደው» አሉኝ።

ሌንሱን ወደ መብራት አነጣጠርኩት። እውነትም ሞራ ነው፤ ከመስታወቱ ውስጥ፣ ከጠርዙ ተነሥቶ እንደ ሸረሪት ድር ቀጭን ነጭ ክር አውጥቷል። ሻጋታ ነው። ክረምቱን ሙሉ ቆጪ ሰፈር ቤታቸው፣ የባለቤታቸው የልብስ ሳጥን ውስጥ፣ ተቆልፎበት ነው የከረመው። ጨለማ፣ እርጥብ ጨርቅ፣ የማይንቀሳቀስ አየር፤ ሻጋታ ሌላ ምን ይፈልጋል? ጅማ ላይ ካሜራ የያዘ ሁሉ ከጫማ ካርቶን የምትወጣዋን የእርጥበት መጣጭ ከረጢት ይለቅማል፣ በሳምንት አንዴም ካሜራውን አውጥቶ አየርና ብርሃን ያሳየዋል። ይህን አልነገርኳቸውም። ስለ ሳፋና ሲኒ ያን ያህል የተናገርኩ ሰው፣ ስለ ሳጥን አንዲት ቃል አልወጣኝም።

«ለምን አይዙትም ነበር ጋሼ?»

«የት ልያዘው? ኪስ አይገባ። አንገቴ ላይ አድርጌው ስወጣ ሰዉ ሁሉ ጋዜጠኛ ሆኑ እንዴ ይለኛል። አንዱማ መንገድ ላይ አስቁሞ ፈቃድ አለዎት ብሎኛል።» ሳቁ። «እኔ የለመድኩት እኮ ያቺን የእንግዶቹን ነው። ትንሿን። በጣት የምትንጠለጠለዋን።»

ሁለታችንም ሳናስበው ወደ መደርደሪያው አየን። ሶኒዋ አለች። አቧራዋ ተጠርጎ። አለቃዬ ከየት እንደመጣ እንጃ፣ አጠገባችን ቆሟል። «2,000 ብር ጨምረው ይቀይሩ፣ ለርስዎ ስል ነው» አለ።

«የሰው ስጦታ ለውጬ ምን ፊት ይኖረኛል?» አሉት። «ሠላሳ ሁለት ሰው ነው። አንድ ሰው ቢሆን እደብቀው ነበር።»

ሚሞሪውን አውጥቼ ኮምፒውተር ላይ ከፈትኩት። በአራት ወር ውስጥ 11 ፎቶ። ሁለቱ የልጅ ልጃቸው፣ አንዱ በርጩማው፣ አንዱ በስሕተት የተነሣ የገዛ ጫማቸው። ሰባቱ መኪና ነው። አንድ ነጭ ላንድክሩዘር፣ ግቢ ውስጥ ቆሞ፣ በአጥር ብረት መሐል የተነሣ። አጥሩ ፎቶው ላይ የለም፤ በቀዳዳው አነጣጥረው ነው። ጠዋት የተነሣም አለ፣ ማታ የተነሣም አለ። አንዱ ላይ አዲሱ ሾፌር በሩን ከፍቶ እግሩን አውጥቶ ስልክ ያወራል።

ምንም አልጠየቅኳቸውም። «ይቺን አጉላልኝ» አሉ፣ የጠዋቷን እያሳዩ። 20 በ30 አወጣሁላቸው። 12 ሜጋፒክስሉ ለዚያ ይተርፋል፤ ሻጋታውም ትንሽ ጭጋግ ከማልበሱ በቀር አያስታውቅም፣ እንደ ጅማ ጠዋት ነው የሚመስለው። ታርጋው አንድ በአንድ ይነበባል። የአይቲው ልጅ ቢያየው ደስ ባለኝ።

ወረቀቱን በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ በሩ ብርሃን ወጡ። መነጽራቸውን አደረጉ። ብዙ ቆዩ። የእርጥበት መጣጭ ከረጢቶች በጋዜጣ ጠቅልዬ፣ የሌንሱን ማጽጃ ዋጋ እንዴት ብዬ ከአለቃዬ እንደምደብቅ እያሰብኩ ነበር።

«ልጄ፣ ስልክህ ካርድ አለው?»

«አለው፣ ጋሼ።»

«ለዚያ ለአዲሱ ልጅ ልደውልለት። የፊት ግራ ጎማ አየር ጎድሎታል።»