ፓይ ቻርት አይሆንም አልኩ

ቀኑን ሙሉ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ቤቴ ተቀምጬ ለውጭ አገር ደንበኛ ኢንፎግራፊክ፣ መረጃን በሥዕል የሚያሳይ ገጽ፣ ስሠራ ዋልኩ። ርዕሱ የፆታ ማንነትና የፍቅር ዝንባሌ። እኛ አገር የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 629 የተመሳሳይ ፆታ ግንኙነትን ስለሚቀጣ፣ በር በተንኳኳ ቁጥር ላፕቶፑን ከደን አደርጋለሁ።

ደንበኛው ፓይ ቻርት፣ እንደ ዳቦ የተቆራረሰውን ክብ ሥዕል፣ ነበር የፈለገው። ፓይ ቻርት ላይ አንዱ ሲሰፋ ሌላው ይጠባል። ሰው ግን እንዲያ አይደለም። ሲወለድ የነበረው አካል፣ ራሱን ማን ብሎ እንደሚያውቅ፣ አለባበሱ፣ የሚወደው ሰው፤ አራቱም ለየብቻ ናቸው። አንዱን አይተህ ሌላውን መገመት አትችልም። ስለዚህ እንደ ሬዲዮ ድምፅ ማስተካከያ አራት የሚንሸራተቱ መስመሮች አደረግኳቸው። የአሜሪካዊው የወሲብ ተመራማሪ የአልፍሬድ ኪንሴይ የ1948ቱ (እ.ኤ.አ.) ሚዛን፣ ከ0 (ተቃራኒ ፆታ ብቻ) እስከ 6 (ተመሳሳይ ፆታ ብቻ) ያለው፣ ለዝንባሌው መስመር ብቻ ነው የሚሆነው።

ያደከመኝ ቀለሙ ነው። ሮዝ ለሴት፣ ሰማያዊ ለወንድ የሚሉት ነገርማ ሰልችቶኛል! የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎች መለያ የሆነው የቀስተ ደመና ባንዲራ ራሱ ታሪክ አለው። አርቲስቱ ጊልበርት ቤከር በ1978 (እ.ኤ.አ.) ሳንፍራንሲስኮ ላይ ሲያወጣው 8 ቀለም ነበር። ሮዝ ጨርቅ በብዛት ስላልተገኘ ሮዙ ቀረ፤ ቆይቶ 6 ሆነ።

ከሰዓት ጎረቤቴ እማማ ቡና ጠጡ ሊሉኝ መጡ። ለካ ስክሪኑን አልከደንኩትም።

«ውይ ሲያምር! የኖኅ ቃል ኪዳን ነው?»

«የሥራ ነው እማማ» አልኩና ተከትያቸው ወጣሁ።

ማታ ደንበኛው መለሰልኝ። መስመሮቹን ወዷቸዋል፤ የታችኛው ጽሑፍ ግን ይተለቅ ብሏል።