ጣርማበር ላይ የቆመው አውቶቡስ፦ የግድያ ተውኔቴን እንዴት ጻፍኩት

ተውኔቱን ስጀምር ገዳዩ ማን እንደሆነ አላውቅም ነበር። ቦታውን ግን አውቅ ነበር። ጣርማበር ነው። በደብረ ብርሃን አልፎ ወደ ደሴ የሚሄድ መንገደኛ ሁሉ ያውቀዋል። ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ነው። ጣሊያን በወረራው ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ ተራራውን በስቶ ዋሻ ሠራበት። ከዋሻው ማዶ መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ደብረ ሲና ይወርዳል። ክረምት ላይ ጉሙ ሲወርድ ሾፌር ከፊቱ ያለውን መኪና መብራት እንኳ አያይም። የቁልቁለቱ መሬትም ይንሸራተታል። ስለዚህ አንድ አውቶቡስ ሙሉ የማይተዋወቅ ሰው እዚያ ለማቆም ብዙ መፍጠር አላስፈለገኝም። ዝናብ፣ ናዳ፣ ጉም። በቃ።

የሚያስቸግረው ሌላ ነው። ሰው ሞቶ ሲገኝ መንገደኛ ምን ያደርጋል? “እኔ ምን አገባኝ” ብሎ ሻንጣውን ያነሣና በእግሩም ቢሆን ይሄዳል። እንዲቀመጥ የሚያስገድደው ነገር ያገኘሁት ከራሳችን ነው፤ ከአፈርሳታ። አውጫጭኝም ይሉታል። ድሮ ሰው ተገድሎ ወይም ንብረት ተሰርቆ ጥፋተኛው ካልታወቀ የአካባቢው ሰው ሜዳ ላይ ይሰበሰብ ነበር። የቀረ ይቀጣል። ነገሩ እስኪወጣ ሥራ ይፈታል። ሰው እየማለ የሚያውቀውን ይናገራል። በግልጽ ለመናገር የፈራ ደግሞ ለተመረጠው ሽማግሌ ሹክ ይላል፤ ሽማግሌውም ስም ሳይጠራ፣ ከ“ወፍ” ሰማሁ ብሎ ያወጣዋል።

አውቶቡሱ ውስጥ አንድ የመንዝ አዛውንት አስቀመጥኩ። ሬሳው ሲገኝ ረዳቱ በሩን ሊከፍት እጁን ሲሰድ ከመቀመጫቸው ተነሡ፦ “ተው ልጄ። ዛሬ ከዚህ የወረደ፣ ደሙ በሱ ላይ ነው።” ከዚያ በኋላ በሩ ወለል ብሎ ቢከፈትም የሚወርድ የለም። ይህች አንዲት ንግግር ከናዳው ይልቅ አጥብቃ ያዘቻቸው።

ጥርጣሬውን ደግሞ በንግግር ማሳየት አልፈለግሁም። እኛ ሰው ስንጠራጠር መጀመሪያ የምናቆመው ከእጁ መቅመስን ነው። በመጀመሪያው ትዕይንት አንዲት እናት በወረቀት የተጠቀለለ ቆሎ ይዘው በየወንበሩ ያዞራሉ። “ዝገኑ እንጂ ልጆቼ!” ሁሉም ይዘግናል። ሟቹም ዘግኗል። ሬሳው ከተገኘ በኋላ ያው ቆሎ እንደገና ይዞራል። አንዱ “ጠግቤያለሁ እማማ” ይላል። አንዷ “እየጾምኩ ነው፣ ሰዓት አልደረሰም” ትላለች፤ ጠዋት ግን ስትዘግን አይተናታል። ወታደሩ ዘግኖ ኪሱ ይከተዋል። እማማ ብቻቸውን ይቆረጥማሉ። መርዝ የሚል ቃል አልጻፍኩም፤ ተመልካቹ ራሱ ይለዋል።

ከሁሉ በላይ የለፋሁት ግን በደል ላይ ነው። ገዳዩ አንድ ነው። የሚደብቀው ነገር ያለው ግን ሁሉም እንዲሆን ፈለግሁ። ረዳቱ ትርፍ ጭኗል። ወታደሩ ፈቃድ የለውም። አንዲት ወጣት ደግሞ ዋሻው ጋ ሳይደርሱ፣ ሟቹ የተኛ መስሏት ከኮቱ ኪስ ብር ወስዳለች። ስትነካው እጁ በረዶ ነበር። ሁሉም ሰው ግድያው የተፈጸመው ዋሻው ጨለማ ውስጥ ነው ብሎ አምኗል። ከዋሻው በፊት መሞቱን የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። ብትናገር አንድ ንጹሕ ሰው ይድናል። ግን ሌብነቷ ይወጣል፤ ብሩን የወሰደች ነፍሱንም ወሰደች መባሉ አይቀርም።

አዛውንቱ ሲያስምሉ ተራዋ ደረሰ። “በዚህ ሰው ሞት እጄ የለበትም በይ።” እውነት ነው፣ እጇ የለበትም። ግን ያው እጅ ኪሱ ገብቶ ወጥቷል። ምላሷ ተሳሰረ። አውቶቡሱ በሙሉ ፊቱን ወደ እሷ አዞረ። ገዳዩ ግን ከሷ በፊት፣ ሳይደናቀፍ፣ በሚካኤል ስም ምሎ ተቀምጧል። ይህን ትዕይንት ስጽፍ ነው ተውኔቱ ስለ ምን እንደሆነ የገባኝ።

ወፉ ደግሞ አልለቀቀኝም። ልጅቷ ስሟ ሳይጠራ እውነቱን ለአዛውንቱ ማድረስ ትችላለች። ገዳዩም ይችላል። ያው ጆሮ ነው። ሁለት ወፍ የተለያየ ነገር ሲናገር አዛውንቱም ተመልካቹም እኩል ግራ ይጋባሉ። እንዲህ ዓይነት ታሪክ መጻፍ ለሚፈልግ የምለው ይህንን ነው፦ መረጃውን አትደብቁ። መረጃውን የያዘውን ሰው እንዳይናገር የሚያደርግ ነገር ስጡት።

ስለ መድረኩ ብዙ የምለው የለኝም። ወንበር በሁለት ረድፍ፣ ዋሻው ሲደርስ መብራቱ ድርግም፣ አለቀ።

ረቂቁን ለወዳጆቼ ሳነብላቸው ቀድመው የጠረጠሩት ጥግ ላይ ጃኬቱን ተከናንቦ የተቀመጠውን፣ አነጋገሩ ከሌሎቹ የሚለየውን ልጅ ነው። ምንም አላደረገም። ተሳፋሪዎቹ አንገቱን አንቀው “የማን ልጅ ነህ?” ሲሉት የሚያውቁለትን ሰው መጥራት አለመቻሉ ብቻ ነው። ይህ ከልቤ ያሳስበኛል። አፈርሳታን እወደዋለሁ፤ ዘመድ የሌለውን ሰው ግን በቀላሉ ይበላዋል። ስለዚህ ፖሊስ መጥቶ መንገዱ ከተከፈተ በኋላ አንድ ትዕይንት ጨመርኩ። አዛውንቱ እንደ ደንቡ ድንጋይ ተሸክመው ልጁን ይቅርታ ይለምኑታል። እሱ ይቅር አይልም። “ምናለ ይቅር ቢላቸው” ያሉኝ አሉ። አልቀየርኩትም። አንገቱን ያነቁት ሰዎች በአንድ ቃል ነጻ ከወጡ፣ ከእነሱ ጋር ሆኖ የጠረጠረው ተመልካችም በቀላሉ ያመልጣል።