«ስንት ተሸጠ?»

መጽሐፉ ከማተሚያ ቤት በወጣ በሳምንቱ ጥያቄው ይጀመራል። ፒያሳ ቡና ላይ የተገኘ ወዳጅም፣ የሠፈር ባለሱቅም፣ አክስትም «እህ፣ ስንት ተሸጠ?» ይላሉ። ክፋት የለባቸውም። ቁጥሩ ትንሽ ከሆነ «አብሽር» ይከተላል። ደሴ ላይ አብሽር ባይ አይታጣም፤ አብሽር ግን ሂሳብ አይሠራም። በራሱ ገንዘብ ግጥም ወይም ልብ ወለድ ለሚያሳትም ሰው ደግሞ መጀመሪያ የሚያስፈልገው ሂሳቡ ነው።

እንሥራው። 1,000 ቅጂ ታተመ፤ የአንዱ ማሳተሚያ 160 ብር ነው እንበል። 160,000 ብር ወጣ ማለት ነው። የሽፋኑ ዋጋ 400 ብር ሆኖ መጽሐፍ መደብሩ 30 በመቶ ከያዘ ለደራሲው 280 ብር ይደርሰዋል። ወጪውን ለመመለስ ብቻ 572 ቅጂ መሸጥ አለበት። የደሴና የኮምቦልቻ መደብሮች ተደምረው በወር 40 ቢሸጡ ገንዘቡ የሚመለሰው በ15ኛው ወር ነው። እንግዲህ በሦስተኛው ወር 120 ቅጂ ተሸጦለት «ከሸፍኩ» ብሎ የተኛ ሰው፣ ምኑ ነው የከሸፈው? ሂሳቡ እንዳለው እየሄደ እኮ ነው። (ለዘመድ በነፃ የሚሄዱትን 50 ቅጂዎች አስቀድማችሁ ቀንሱ። መሄዳቸው አይቀርም።)

ቁጥሩ ሁልጊዜ ዘግይቶ ነው የሚደርሰው። መደብር መጽሐፍ የሚረከበው ተሸጦ ሊከፈል ነው፤ ስለዚህ ዛሬ የገባው ብር የከረመ ሽያጭ ነው። ስታስረክቡ ቀኑ፣ የቅጂው ብዛት፣ ዋጋው፣ የመደብሩ ድርሻና የመተሳሰቢያው ቀን የሰፈረበት ወረቀት በሁለት ቅጂ ይፈረም። ያለዚህ ወረቀት የራስን ገንዘብ መጠየቅ ልመና ይመስላል። ብዙ ደራሲ ቅስሙ የሚሰበረው እዚህ ላይ እንጂ አንባቢ ዘንድ አይደለም።

መተሳሰቢያው ቀን ሲደርስ ሻጩን «ስንት ሄደ?» ብሎ መመለስ አይበቃም። ጠይቆ ያጣ አለ? አንስቶ አገላብጦ የመለሰስ? ጠይቀው ያጡ ካሉ ችግሩ ስርጭት ነው፤ መስከረም ላይ የተማሪ መጻሕፍትና ደብተር መደርደሪያውን ሲይዙት ግጥም ወደ ኋላ ይገፋል። አገላብጠው የሚመልሱ ከበዙ ሽፋኑን፣ የጀርባውን ጽሑፍና ዋጋውን ተመልከቱ። ስለ ጽሑፉ ራሱ ሊናገር የሚችለው ገዝቶ ያነበበ ብቻ ነው። እሱንም «ወደድከው?» አትበሉት፤ ይሉኝታ ይይዘዋል። «የት ገጽ ላይ አቆምክ?» በሉት።

ሁለት ደብተር ይኑራችሁ። የሽያጩ ደብተር በወር አንድ ቀን ብቻ ይከፈት፣ ያውም ከሰዓት በኋላ፣ የጽሕፈት ሰዓት ካለፈ ወዲያ። የሥራው ደብተር በየቀኑ ይሞላል፦ ስንት ሰዓት ተቀመጥኩ፣ ምን አረምኩ፣ ምን ቀረኝ። በዚህኛው ደብተር ብር አይጻፍም። አስቸጋሪው ስልክ ነው። የቴሌብር መልእክት ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ጢው ካለ ግማሽ ስንኝ ይዞ ይሄዳል፤ ካላለ ደግሞ ጆሮ እሱን ሲጠብቅ ይውላል፣ ይህ ይብሳል። ለሽያጩ ሌላ ሲም ካርድ አውጡና በቆጠራው ቀን ብቻ ክፈቱት። የሚገባውን ብርም ከቤት ኪራይና ከአስቤዛ ጋር አትቀላቅሉ፤ ኪራዩ በመጽሐፉ ከታሰበ የወሩ ቁጥር በደራሲው ላይ የተሰጠ ፍርድ ሆኖ ያርፋል።

ለጥራት ሌላ መለኪያ አለ፣ ያውም ቀላል። ግጥሙን ጮክ ብላችሁ አንብቡ። የወል ቤት የሚባለው የግጥም ምጣኔ ስንኙ ስድስት በስድስት ቀለም (ክፍለ ቃል) ስለሆነ አንዲት ቀለም ስትጎድል ምላስ ይደናቀፋል፤ ሰንጎ መገን የሚባለው ምጣኔ አምስት በአምስት ነው፣ እሱም አይሸሽግም። ሦስት ሰው ፊት አንብባችሁ ሦስቱም አንድ ቦታ ላይ ከተደናገሩ ስንኙ ይታረም። አንድ ሺህ ቅጂ ቢሸጥም ያቺ ቀለም እንደጎደለች ናት።

የቀረው ያልተሸጠው ክምር ነው። የምትጽፉበት ክፍል ውስጥ አታስቀምጡት፤ ጠዋት ጠዋት አፍጥጦ ያያችኋል። ሌላ ክፍል ውስጥ ጣውላ ላይ፣ ከግድግዳው አንድ ስንዝር ራቅ አድርጋችሁ ደርድሩት። የደሴ የሐምሌና የነሐሴ ጉም ወረቀት ያረጥባል፤ ሽፋኑ ይቆለመማል፣ ሻጩም «አሮጌ ነው» ብሎ ይመልሳል። ኮምቦልቻ ዘመድ ያለው ክረምቱን እዚያ ቢያሳልፈው ጥሩ ነው፤ ዝቅ ያለና ሞቃት ነው፣ ሚኒባስ ላይ ሁለት ካርቶን ይጫናል። ምስጥ እንዳይገባበት ግን እዚያም ጣውላው ይኑር።